«ፈንዶቹ ሸጡ» ሲባል ለዝቋላ ገበሬ ምኑ ነው?



ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ለብቻው ይዘነው መጥተናል። ጠያቂው ከዝቋላ ናቸው። የአቦው ዝቋላ ሳይሆን የዋጉ፤ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ። የአንድ መሠረታዊ ማኅበር የሥራ አመራር አባል ናቸው። ጥያቄያቸው ሁለት ነው።

👉 አንደኛ፦ «በየጊዜው ፈንዶቹ ገዙ፣ ፈንዶቹ ሸጡ ትላላችሁ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የእኛን ማሾና ሰሊጥ ምን አገባቸው?»

👉 ሁለተኛ፦ «ማኅበራችን ያጠራቀማት ትንሽ መጠባበቂያ አለች። ባንክ ከምትቀመጥ ኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ብታስገቧት ይሻላል የሚል ሰው መጥቶብናል። እንመነው?»

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን አንድ ቦታ ይገናኛል። ላኪዎችም ዩኒየኖችም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

🔹 መጀመሪያ፣ ፈንድ ምንድነው?

ኢንቨስትመንት ፈንድ ማለት የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ቋት ተሰብስቦ፣ አንድ ባለሙያ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ ወርቅ፣ ነዳጅ፣ ቡና የሚገዛበትና የሚሸጥበት አሠራር ነው። ትርፉም ኪሳራውም የባለገንዘቦቹ ነው። ባለሙያው የአስተዳደር ክፍያውን ይወስዳል። ውስጡ የሀብታም ገንዘብ ብቻ አይደለም ያለው፤ የአስተማሪውና የነርሷ ጡረታም አለበት።

«ዕቁብ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይመሳሰላል፣ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በዕቁብ ሁሉም ተራ ይጠብቃል። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ተነስቶ «ዛሬውኑ ገንዘቤን ስጡኝ» ቢል ዳኛው አይሰማውም፤ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው። ብዙ ፈንዶች ግን ሰው የሚሰበስቡት «በፈለጋችሁ ቀን ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ» ብለው ነው። ገንዘቡ ደግሞ ቋት ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ዕቃ ተገዝቶበታል። ይቺን ልዩነት ያዟት፣ ኋላ ትመጣለች።

🔹 ዋጋችን ውስጥ እንዴት ገቡ?

ቀጥታ የሚታየው ቡና ላይ ነው። በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና የሚገበያየው በወደፊት ውል፣ ማለትም በፊውቸርስ ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ 17 ቶን ገደማ። በዚያ ገበያ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ቡና ያለው ወይም ቡና የሚፈልግ ነው፦ ላኪ፣ አስመጪ፣ ቡና ቆይ ፋብሪካ። ሌላው ቡናውን ዓይቶትም የማያውቅ፣ ዋጋው ይወጣል ወይ ይወርዳል ብሎ የሚገባ ነው። ፈንዶቹ ከሁለተኛው ጎራ ናቸው። የአሜሪካው የፊውቸርስ ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማን ምን ያህል እንደያዘ በየሳምንቱ ዓርብ ያወጣል፤ ቁጥሩ የማክሰኞ ነው። እኛም «ፈንዶቹ ገዙ» የምንለው ከዚያ አይተን ነው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል አንሁን። ላኪ ዋጋ ይወርድብኛል ብሎ ፈርቶ ቀድሞ ሲሸጥ፣ ያንን ፍርሃት የሚገዛው ሰው ያስፈልገዋል። ገዢው ብዙ ጊዜ ፈንድ ነው። እነሱ ባይኖሩ ገበያው ይሳሳል፣ በትንሽ ሽያጭም ዋጋ ይዘላል። ደግሞ ዋጋን ሁሉ የሚያወጡት እነሱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የኒውዮርክ ቡና የ1977ቱን ክብረ ወሰን ሰብሮ በፌብሩዋሪ 2025 ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ መነሻው የብራዚል ድርቅና የምርት ማነስ ስጋት ነበር። ፈንዶቹ የሚያደርጉት ጉዞውን ማፍጠን ነው፤ ሽቅብም ቁልቁልም።

ታዲያ አደጋው የቱ ጋ ነው? ይሄን ከኒውዮርክ ይልቅ ከዋግ ገበያ ብናየው ይቀላል።

🔹 ዝናብ የቀረ ዓመት የፍየል ገበያ

ዝናብ በቀረበት ዓመት ፍየል ገበያ ምን እንደሚሆን ለዝቋላ ሰው አይነገርም። ፍየሉ ያው ፍየል ነው። ግን አንዱ እህል ሊገዛ ፍየል ያወጣል፣ ጎረቤቱም ያወጣል፣ ከማዶ ያለውም ያወጣል። ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ሻጭ ሆኖ ሲመጣ ገዢ ይጠፋል። ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ሁለት ሸጦ የሚበቃው የነበረው አራት መሸጥ ግድ ይሆንበታል። ያ ደግሞ ዋጋውን ይብሱን ያወርደዋል። በዚያው ቀን የማሽላው ዋጋ ሽቅብ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ማንም ክፉ አልሠራም። ሁሉም ተገዶ ነው የሸጠው፤ በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው የጎዳው። የፋይናንስ መረጋጋት አደጋ የሚባለውም በአብዛኛው ይሄው ነው። ፈንድ አደገኛ የሚሆነው ተገዶ፣ ከብዙ ሌሎች ጋር፣ በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ነው። ለዚያ የሚያበቁት ሦስት ነገሮች ናቸው።

1️⃣ ብድር። አንድ ፈንድ የራሱን 1 ብር ይዞ 20 ብር ተበድሮ ከገባ፣ ዋጋ በ5 በመቶ ቢወርድ የራሱ ገንዘብ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚነካው የአበዳሪውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ አንድ ፈንድ፣ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት፣ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ሲንገዳገድ፣ የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ትልልቆቹን ባንኮች ሰብስቦ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያወጡ ማግባባት ነበረበት። ሥራ አስኪያጆቹ ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለቱ የኖቤል ተሸላሚዎች ነበሩ።

2️⃣ የተከፈተ በር። ዕቁቡ ላይ ያዟት ያልናት ልዩነት እዚህ ትመጣለች። ፈንዱ «በፈለጋችሁ ቀን» ብሎ ቃል ገብቶ፣ የገዛው ግን ቶሎ የማይሸጥ ዕቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሮጠ ሙሉ ገንዘቡን ያገኛል፣ የዘገየ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። ይሄ ደግሞ ሁሉንም ያስሮጣል። በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅ ሪዘርቭ ፕራይመሪ የሚባል ፈንድ የሌማን የዕዳ ሰነድ ይዞ ተገኘ። ሰው እንደ ባንክ ሒሳብ የሚያየው፣ 1 ዶላር ገብቶ 1 ዶላር የሚወጣበት የተባለ ፈንድ ነበር። ዋጋው 97 ሳንቲም ሆነ። 3 ሳንቲም ናት የጎደለችው። ግን ሰው ከሌሎች መሰል ፈንዶችም መሮጥ ጀመረ፣ የአሜሪካ መንግሥትም ዋስ ካልሆነ የሚቆም አልሆነም።

3️⃣ የመያዣ ጥያቄ። በፊውቸርስ ገበያ ዋጋ በተቃራኒህ በሄደ ቁጥር ተጨማሪ መያዣ ገንዘብ (ማርጅን) አምጣ ትባላለህ፤ በዚያው ቀን። ይቺ ላኪንም ትመለከታለች። ዋጋ ይወርድብኛል ብሎ 10 ውል ቀድሞ የሸጠ ላኪ፣ ዋጋው በፓውንድ 1 ዶላር ቢወጣ 375,000 ዶላር ማምጣት አለበት። ቡናው መጋዘን ውስጥ አለ፣ በመጨረሻ አይከስርም፤ ግን ገንዘቡ ዛሬ ነው የሚፈለገው። በ2024 መጨረሻ ዋጋ ሲወነጨፍ በብራዚል ትልልቅ ላኪዎች ዕዳቸውን በፍርድ ቤት ለማደራጀት የተገደዱት በእንዲህ ዓይነት ጭንቅ ነው። ካካዎም ላይ ታይቷል። በ2024 ቶኑ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ መያዣው በጣም ስለከበደ፣ ፈንዶችም ነጋዴዎችም ከገበያው ወጡ። ሰው ሲሳሳ ዋጋው ይበልጥ ዘለለ።

🔹 ሰሊጥስ? ማሾስ?

አሁን ወደ ዝቋላ እንመለስ። ሰሊጥና ማሾ እንደ ቡና ትልልቅ ፈንዶች የሚርመሰመሱበት ዓለም አቀፍ ገበያ የላቸውም። «ፈንዶቹ ሰሊጥ ሸጡ» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ጠይቁ። የሰሊጥን ዋጋ የሚወስኑት የቻይና ገዢ፣ የሱዳንና የሌሎች አፍሪካ አገሮች ምርት፣ የብራችን ምንዛሪና የላኪው አቅም ናቸው።

ግን የአንዱ ገበያ ጉዳት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ አለ፤ ባንክ። ብዙ ላኪ ቡናም ሰሊጥም ጥራጥሬም ይልካል፣ የሚበደረውም ከዚያው ባንክ ነው። ኒውዮርክ ላይ ቡና በ2022 መጀመሪያ ከ2.50 ዶላር በላይ የነበረው በ2023 መግቢያ ወደ 1.50 ዶላር አካባቢ ሲወርድ፣ በውድ የገዛ ላኪ ዕቃውን ታቅፎ ቀረ። ዕቃ ካልተሸጠ ብድር አይመለስም። ብድር ካልተመለሰ ባንኩ ለሚቀጥለው ወቅት እጁን ይሰበስባል። እጁን የሰበሰበ ባንክ ደግሞ «አንተ የሰሊጥ ነጋዴ ነህ፣ አንተን አይመለከትህም» አይልም። ዞሮ ዞሮ ቆላው ድረስ የሚወርደው ሰብሳቢ ገንዘብ የለውም፣ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋም ዝቅ ይላል።

ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም ባወጣው የመጀመሪያው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት፣ ብድር በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን ከስጋቶቹ መሐል አንስቶታል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ጣሪያ ተደርጎበት ነበር፤ ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢልም የብድር ጥማቱ አልጠፋም። ባንክ ያላገኘ ሰው ገንዘብ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። «ፈንድ» የሚለው ቃል በየሰፈሩ መሰማት የጀመረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

🔹 «ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ ቢከስሩስ?»

ቁጥጥር አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ባንክ የሰው ተቀማጭ ይዞ ነው የሚሠራው፣ ሲወድቅ ሕዝቡን ይዞ ይወድቃል። ፈንድ ግን «ልትከስሩ ትችላላችሁ» ብሎ አስፈርሞ ነው የሚቀበለው። ቢከስር የባለገንዘቡ ኪሳራ ነው፤ እንደ ባንክ አድርገን ከተቆጣጠርነው መንግሥት ዋስ የሆነለት ይመስለውና ሰው ሳያመዛዝን ይገባል ይላሉ።

ልክ ናቸው፤ ያልተበደረ፣ ዝግ የሆነና ባለገንዘቡ የገባበትን የሚያውቅ ፈንድ ቢከስር የጎረቤት ቤት አይቃጠልም። ከላይ ያየናቸው ሦስት ነገሮች ሲኖሩ ግን ኪሳራው በባለገንዘቡ አይቆምም። ወደ አበዳሪው ባንክ፣ ወደ ሌላው ፈንድ፣ ወደ ዕቃው ዋጋ ይሻገራል። ስለዚህ መቆጣጠር ያለበት የፈንዱ ስምና ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደተበደረ፣ በሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ፣ ገንዘቡስ ማን ዘንድ እንደተቀመጠ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ መረጋጋት ቦርድም በዲሴምበር 2023 ባሻሻለው ምክረ ሐሳብ የጠየቀው ይሄንን ነው፦ ቶሎ የማይሸጥ ንብረት የያዘ ፈንድ በየቀኑ ገንዘብ እመልሳለሁ አይበል፤ ቀድሞ የሚወጣውም የመውጫውን ወጪ ራሱ ይሸከም። በምርት ገበያ በኩል ደግሞ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2020 ቡና፣ ካካዎ፣ ስኳርና ጥጥን ጨምሮ በ25 ውሎች ላይ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን መጠን በጣሪያ ወስኗል።

ዋጋን በትእዛዝ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አንደግፍም። ፈንዱን ከገበያ ማባረርም እንደዚያው። ገዢ በሌለበት ገበያ መጀመሪያ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

🔹 እኛ አገርስ?

ጥሩ ምሳሌ ፊታችን አለ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገዢ ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ሳያስገባ መግዛት አይችልም። መጀመሪያ ሲመጣ ብዙ ነጋዴ አጉረምርሞበታል። ውጤቱን ግን እዩት፤ አንዱ ገዢ ቢከስር ሻጩ ገንዘቡን አላጣም። በሌለ ገንዘብ መጫረትን የዘጋው ያ ደንብ ነው። የፋይናንስ ቁጥጥር ማለት ለእኛ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

በካፒታል ገበያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፍቷል። በአዋጁ መሠረት የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ በጋራ ኢንቨስት ማድረግ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይሄ ደግ ነው፤ ፈንዶቹ ገና ሳይበዙ ሕጉ ቀድሟል። ሌሎች አገሮች አብዛኛውን ደንብ ያወጡት ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ቀሪው ሥራ አፈጻጸሙ ነው፦ ክልል ድረስ የሚደርስ፣ ዝቋላ ያለ ማኅበርም ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ቁጥጥር።

🔹 ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፦ እንመነው?

ሰውየውን አናውቀውም፤ ሐቀኛም ሊሆን ይችላል። ግን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

✅ ፈቃድህ የታለ? ፎቶ ኮፒውን ዓይታችሁ አትመለሱ፤ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ራሳችሁ አጣሩ። ንግድ ፈቃድ አለኝ ማለት የሰው ገንዘብ ለመሰብሰብ ፈቃድ አለኝ ማለት አይደለም።

✅ ገንዘባችን የሚቀመጠው ማን ዘንድ ነው? የሚያስተዳድረውና የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ከሆነ፣ እዚያው ላይ ውይይቱ ያብቃ።

✅ ምን ላይ ነው የምታውሉት? በስንት ቀን ይሸጣል? መሬትና ሕንፃ ላይ ካዋለው በሳምንት እመልሳለሁ ማለቱ ከምን የመጣ ነው?

✅ ትበደራላችሁ? ስንት ድረስ?

✅ ባትከፍሉን ማን ይከፍለናል? የባንክ ተቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለው። ፈንድ የዚህ መድን ተጠቃሚ አይደለም። «ትርፉ የተረጋገጠ ነው» ካላችሁ ደግሞ በተለይ ጠንቀቅ በሉ፤ ሐቀኛ ፈንድ እንደዚያ አይልም።

ከአምስቱ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ለራሳችሁ ነው የምትጠይቁት፦ ይቺን ገንዘብ የምንፈልጋት መቼ ነው?

የዝቋላ ማኅበር መጠባበቂያውን የሚፈልገው ዝናብ የቀረ ዓመት ነው። ለዘር፣ ለእህል፣ አባል ፍየሉን በርካሽ እንዳይሸጥ ለማቆየት። በዚያ ዓመት ገንዘቡን የሚፈልገው እናንተ ብቻ አትሆኑም፤ የአበርገሌውም፣ የሰሃላውም፣ የዳህናውም ማኅበር ይፈልጋል። ሁላችሁም በአንድ ወር አንድ በር ላይ ትሰለፋላችሁ። ፈንዱ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ፣ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመክፈል የያዘውን በርካሽ መሸጥ ግድ ይለዋል። የፍየሉ ገበያ እንደገና ማለት ነው፤ በዚህኛው ግን የሚሸጠው የእናንተው መጠባበቂያ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይሄ ነው። የክፉ ቀን ገንዘብን በማንኛውም ፈንድ ውስጥ አታስገቡ፤ ወለዱ ትንሽ ቢሆንም፣ የዋጋ ንረቱ ቢበላትም ባንክ ትቀመጥ። ከዚያ የተረፈ፣ አምስት ዓመት ባትነኩት የማይጎዳችሁ ገንዘብ ካላችሁና አምስቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተነጋግራችሁ ከፊሉን ብቻ ሞክሩ። ጉባኤው ሳይወስን አመራሩ ብቻውን አይፈርም።

🔹 ለላኪዎችና ለዩኒየኖች

👉 የዓርቡን ቁጥር ስታዩ፣ ፈንዶቹ በአንድ ወገን ከልክ በላይ ተከማችተው ከሆነ የመውጫው በር ጠባብ መሆኑን አስቡ። ሁሉም ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው ሻጭ ነው። ያን ጊዜ በብድር ዕቃ ማከማቸት ከእነሱ ጋር አንድ በር ላይ መሰለፍ ነው።

👉 የተከማቸ ዕቃና ያልተቆረጠ ዋጋ አንድ ላይ አይሁኑ። ዕቃ ስትገዙ ቢያንስ የብድሩን ያህል ዋጋውን ቆርጣችሁ ሽጡ፤ ቀሪው ላይ ዕድላችሁን ሞክሩ።

👉 ዩኒየኖች፣ የአባላትን ክፍያ በአንድ ገዢና በአንድ ባንክ ላይ ብቻ አትንጠልጥሉ።

ለጠያቂያችን፦ ጥያቄው ለብዙ ሰው ጠቅሟልና እናመሰግናለን። ሰውየው ለአምስቱ ጥያቄዎች የሰጣችሁን መልስ ብትልኩልን ስም ሳንጠቅስ አብረን እናየዋለን።

የሳምንቱ የሰሊጥ፣ የማሾና የቡና ዋጋ እንደተለመደው ሰኞ ጠዋት ይለጠፋል። ይሄን ጽሑፍ ለማኅበር አመራሮች አድርሱልን።

መልካም ገበያ!